የተቀባው ዲስክ

«አሁንም ያው ነው!» ካያል የላፕቶፑን ማብሪያ ደግማ ተጫነችው። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ያችው ነጭ ጽሑፍ መጣች፦ ማስነሻ ዲስክ አልተገኘም።

ታማራይ በሩን ተደግፋ ቆማለች።

«አካ፣ ምናልባት የሚቀየር ነገር ይኖር ይሆናል» አለች ለታላቅ እህቷ።

«ሞከርኩ እኮ! ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ ሁሉንም አየሁ። አዲሱን ዲስክ ጭራሽ እንደሌለ ነው የሚቆጥረው።» ካያል ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «አሮጌው ዲስክ ወደ አዲሱ ከተገለበጠ በኋላ ሞቷል፤ ዲዛይኖቼ ያሉት እዚህ ላይ ብቻ ነው። ከሰዓት ሸማኔዎቹ ሲመጡ ምን ላሳያቸው ነው? ዓመቱን ሙሉ የሣልኩትን የሳሪ ጠርዝ በአፌ ላውራላቸው? ዛሬ ካልመረጡኝ የሌላ ሰው ሥራ ነው የሚጀምሩት!»

ከዚያ ድንገት ቀና አለች። «የኮምፒውተር ሱቁ ሠራተኛ፣ ኢኒያን ነው! ሱቅ ውስጥ ገልብጦ ሲሠራ አሳይቶኝ፣ ሲጠቀልልልኝ በተበላሸ ቀየረብኝ። ሌባ! አጎቴ! አጎቴ ቬሉ!»

አጎት ቬሉ ነገር ለማብረድ የተፈጠሩ ሰው አይደሉም። ወሬውን ሳትጨርስላቸው የሞተራቸውን ቁልፍ አነሱ። «አንገቱን ይዤ ለባለሱቁ ነው የማስረክበው። ዛሬውኑ ያባርረዋል!» እያሉ ወጡ።

ታማራይ ትናንት ያደረገችው ትዝ አላት። ትናንት የሥራ ዕቃ ሁሉ እየተቀባ የሚባረክበት የመሣሪያ በዓል ነበር። እናቷ መቀሱን፣ መወርወሪያውን፣ ብስክሌቱን፣ ላፕቶፑን፣ ገና ከካርቶኑ የወጣውን ዲስክ ሳይቀር ከአማልክቱ ሥዕል ፊት ደርድራ፣ ቢጫውን የሰንደል እንጨት ልውስ እንድትቀባ ለሷ ሰጠቻት። «አንዱንም ሳትቀቢ እንዳታልፊ፣ ቅር ይለዋል» አለቻት። ታማራይ ዲስኩ ላይ የሚያምር ቦታ ፈልጋ ላፕቶፑ ውስጥ በሚሰካው ጫፉ ላይ የተደረደሩትን ወርቃማ የብረት ጥርሶች ቀባች። ሲዝረከረክባት በጣቷ አሸት አድርጋ ተወችው። ቢጫ በወርቃማ ላይ ደግሞ አይታይም።

ማንም አላየም። ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ግን ልውሱ ገብቶ የአካን ልፋት ሁሉ አቃጥሎት ቢሆንስ? ፈራች። እህቷ ዳግመኛ ባታናግራትስ ብላ ፈራች፤ እናቷንም ፈራች። ውጭ ሞተሩ ተነሳ።

«አካ፣» አለች ታማራይ፤ «ዲስኩን አውጪው። ጥርሶቹን እያቸው።»

ካያል በካቻቢቴ ፈታችው። ወደ መስኮቱ አስጠግታ በጥፍሯ ፋቅ ስታደርገው ቢጫ ዱቄት ረገፈ።

«አንቺ ነሽ?»

«እማ አንዱንም እንዳታልፊ ስላለችኝ...»

«ወይ አንቺ ልጅ! ወይ አንቺ ልጅ!» ካያል ንጹሕ ጨርቅ አንስታ መጥረግ ጀመረች። «ይሥራ አይሥራ እንጃ። ብቻ ጸልዪ።»

ታማራይ እዚያው ቆማ መጠበቅ ትችል ነበር። ላፕቶፑ ከተነሳ ነገሩ በሳቅ ያልፋል። ካልተነሳ ደግሞ፣ ዕዳውን የሚሸከም ኢኒያን አለ። ሞተሩ ወደ ግቢው በር ሲሄድ ሰማች። ጫማዋን እንኳ ሳታጠልቅ ሮጠች።

«አጎቴ! አጎቴ፣ ይቁሙ!» የሞተሩን መሪ በሁለት እጇ ያዘች።

«ልቀቂ አንቺ፣ ቸኩያለሁ!»

«ኢኒያን ጋ አይሂዱ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

አጎት ቬሉ አፍጥጠው አዩዋት። «እና አሁን ተሠራ?»

«ገና አላወቅንም» አለች። መሪውን ግን አልለቀቀችም።