ቀድሟት የሚያነበው ድምፅ

ስለ መንፈስና ስለ ሙት ድምፅ ወሬ ሲነሳ ባርኔጣዬን አንስቼ የምወጣ ሰው ነበርኩ፣ የሚያውቁኝ ይመሰክራሉ፣ ዛሬም ቢሆን ሌላ ሰው ይህን ቢያጫውተኝ "ወዳጄ፣ ወባ ይዞህ ነበር" ብዬ እስቅበት ነበር፣ ግን ምን ላድርግ፣ የሰማው ጆሮ የራሴ ነው።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ መጨረሻ ወላይታ ሶዶ ውስጥ ነው። ሁለት መደርደሪያና ስድስት አግዳሚ ወንበር ያላት ትንሽ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነበረችን፣ ጠባቂዋም አስተማሪዋም እኔ ነበርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ገበያ ውለው የሚመለሱ ሰዎች ይሰበሰባሉ፣ መጀመሪያ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያመጣና እኔ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ፣ ሌላውም አብሮ ይሰማል፣ በእኛ ዘንድ የአንዱ ልጅ ደብዳቤ የሁሉም ነውና፣ ከዚያ ፊደል ለማያውቁት ፊደል አስቆጥራለሁ።

ማርታ የምትባል የሁምቦ ሴት ነበረች፣ ገበያ የምትመጣው በእግሯ ነው። አንድ ልጇ ባሎታ አዋሽ ዳር ሸንኮራ ሊቆርጥ ከሄደ ዓመት አልፎታል። "ታ ናዓው" ትለዋለች በወላይትኛ፣ "ልጄ" ማለቷ ነው። አንድ ቅዳሜ ደብዳቤ ይዛ መጣች፣ ከፈትኩት፣ የጻፈው የልጁ የሥራ ጓደኛ ነው፣ ባሎታ በወባ ታሞ መሞቱንና እዚያው መቀበሩን ይናገራል። ቀና ስል ቤቱ ጢም ብሏል፣ እሷ ከፊት ተቀምጣ አፌን አፌን ታያለች። እስቲ አስቡት፣ መርዶ በጠራራ ፀሐይ፣ ዘመድ ሳይሰበሰብ ይነገራል? መርዶ ሊነጋጋ ሲል፣ ሽማግሌ ተይዞ ነው። ስለዚህ ዋሸሁ። "እኔ ደህና ነኝ፣ እማዬ፣ በቆሎው ሲደርስ እመጣለሁ" ብዬ አነበብኩላት፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ እኔም በልቤ ሰኞ ለዘመዶቿ እነግራለሁ አልኩ።

ሰኞ ሲዘንብ ዋለ፣ ቀረሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የተቀቀለ ጎዳሬ በቅጠል ጠቅልላ አመጣችልኝና "መምህር፣ እኔንም ፊደል አስቆጥረኝ፣ ታ ናዓው የጻፈውን በራሴ ዓይን ላንብበው" አለችኝ። ያን ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዛሬ ነገ ስል አምስት ወር ሆነ፣ እንዲህ ያለ ነገር በዘገየ ቁጥር እንደሚከብድ አላጣሁትም፣ ግን ሳቋን ሳይ ምላሴ ይተሳሰራል።

ድምፁን የሰማሁት በሦስተኛው ወር ገደማ ነው። ሌሎቹ ሄደው እሷ ብቻዋን ጣቷን ፊደሉ ላይ አድርጋ "በ... ሬ" ስትል፣ ከእሷ ትንሽ ቀደም ብሎ ዝቅ ያለ የወንድ ድምፅ "በ" ይላል፣ ከዚያ እሷ ትከተለዋለች። ከተማሪዎቹ አንዱ ቀርቶ ይሆናል ብዬ ከመደርደሪያው ጀርባ ወጣሁ፣ ማንም የለም። ሌላ ቀን ደግሞ አጠገቧ ያለው ወንበር፣ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚያደርገው ሲጢጥ አለ፣ እሷ አልደነገጠችም፣ እንዲያውም ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት። እመኑኝ፣ ያኔም ቢሆን እንጨቱን ምስጥ በልቶት ነው ብዬ አለፍኩት።

በመጨረሻ የንባብ በዓላችን ደረሰ፣ ፊደል የጨረሰ ሁሉ በሰው ፊት ቆሞ አንድ ገጽ የሚያነብበት ቀን ነው። ወንጌል እንድታነብ አስቀድሜ ለምኛት ነበር፣ እምቢ ብላ ደብዳቤዋን ይዛ ተነሳች። ያ ድምፅ ጀመረ፣ እሷ ተከተለች፣ "እኔ... ደህና... ነኝ... እማዬ።" ወረቀቱ ላይ የሌለው የእኔው ውሸት፣ ቃል በቃል። ሸምድዳው ነው ብዬ ልተነፍስ ስል ድምፁ ቀጠለ፣ "መምህሩ ደክሞታል፣ እማዬ፣ አሳርፊው" አለ፣ እሷም ይህንኑ ደገመች። ሰዉ አጨበጨበ። ደብዳቤውን አጣጥፋ እጄ ላይ አኖረችና ወጣች። ገልጬ አየሁት፣ ያው የጓደኛው ጽሑፍ ነው፣ የተጨመረም የተቀነሰም የለው።

እሑድ ለቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች ሁሉን ተናዘዝኩ፣ ሰኞ ሊነጋጋ ሲል ሁምቦ ደረስን። በሩ ክፍት ነበር። ማርታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ላይ ተቀምጣ ትጠብቀናለች። አንደኛው ሽማግሌ ሊናገሩ ሲሉ "ተዉት አባቴ፣ ታ ናዓው ራሱ ቅዳሜ ነገረኝ" አለቻቸው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፣ አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ በተሻለኝ።

"አምስት ወር ሙሉ በላሁ፣ መምህር። የጎረቤት ሰርግ ላይ እልል አልኩ። ታ ናዓው አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ እስቃለሁ። ሞቱን እግዜር ነው ያመጣው፣ ለቅሶዬን ግን አንተ ወሰድክብኝ።"

አለቀስኩ፣ ልጅ የሞተባት እሷ ሆና እኔን ታባብለኝ ጀመር። ያን ያህል ያዘንኩበት ቀን በዕድሜዬ የለም። ከዚያ በኋላ ቤተ መጻሕፍቱን ዳግም አልረገጠችም።

አንድ ወዳጄ፣ ደብዳቤውን ቀድማ አንብባው ነበር፣ በሰው ፊት እንዳታፍር ብላ ነው የሸፈነችህ ይለኛል። እሺ ይሁን፣ ደግ ሴት ነበረች፣ ታዲያ ድምፁን ማን ልበለው? እሷ ከቀረች በኋላም ቅዳሜ ሰው ሲበተን ያ ወንበር ሲጢጥ ይል ነበር፣ ጡረታ ስወጣም ድምፁ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። አሁን የሚያነበው እውነተኛውን ደብዳቤ ነው። "ልጅሽ... ባሎታ... በወባ... ታሞ..." ይልና የመጨረሻዋ ቃል ላይ ያቆማል፣ እኔ ተማሪዎቼን እንደምጠብቃቸው ዝም ብሎ ይጠብቀኛል። ደብዳቤው ሳጥኔ ውስጥ አለ። ያቺን ቃል እስከ ዛሬ ጮክ ብዬ አላነበብኳትም።