የሊዝበኑ ሹመት

ፕሩዊት የፕሬዚዳንቱ ጸሐፊ ነበር። የሞተውም በደብዳቤዎቹ መካከል፣ ደብዳቤ የሚገለበጥበት የቅጂ መጭመቂያ ብረት ጭንቅላቱን ፈንክቶት ነው። መጀመሪያ ያየው የበር ጠባቂው ኢኖክ ነበር፤ መጀመሪያ የታሰረውም እሱ። ጥቁር ነው፣ ኮሪደሩ ላይም ብቻውን ነበር፤ ዋሽንግተን ከዚህ በላይ ማስረጃ አትጠይቅም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ኢኖክ እጁ ላይ ያለውን ካቴና ባየ ቁጥር ገመዱ አንገቱ የገባ ይመስለው ነበር።

መርማሪው ሉሚስ ሁሉንም ሰብስቦ በሩን ቆለፈ።

«አቶ ኢኖክ፣ ከበሩ ተነሥተው ነበር?»

«እንጨት ላመጣ ወጣሁ፣ ጌታዬ። ስመለስ ሞቷል።»

«ማን ያምንሃል፣ አንተ ሽማግሌ!» አለ ሴናተር ኮርዊዝ ከምድጃው ዳር።

ሉሚስ ወደ ፕሬዚዳንቱ ዞረ። «ትናንት ምን ጻፉ?»

«ቬናብልን በፖርቱጋል፣ በሊዝበን፣ የአገራችን መልእክተኛ እንዲሆን አጨሁት።» ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ቬናብል ዳቦውን እየገመጠ ራሱን ነቀነቀ።

«የቬናብልን ግዛት ሴናተር፣ ኮርዊዝን፣ ሳያማክሩ?»

ፕሬዚዳንቱ አቀረቀረ። ያለ ተሿሚው ግዛት ሴናተር ፈቃድ ሰው እንደማይሾም ያውቃል።

«ሊዝበን ለአማቼ ነበረች» አለ ኮርዊዝ። «ደብዳቤውን ግን ገና አሁን መስማቴ ነው።»

«ደብዳቤው ጠፍቷል» አለ ሉሚስ። «ቬናብል የገዛ ሹመቱን አያጠፋም። ለአቶ ኢኖክም ምን ያደርግለታል? ፕሩዊት በደብዳቤው ላይ ተጭኖ ቀለሙን እንዲቀዳ ስሱን ወረቀት አርጥቦ ነበር፤ ወረቀቱ ግን እንደ ነጣ ነው። ደብዳቤው ሳይገለበጥ ተነጥቋል ማለት ነው። ውጭ በረዶ ይጥላል፤ የነጠቀው ሰው እጁ እርጥብ ነበር። የቅጂ ቀለም ደግሞ እርጥብ ቆዳ ካገኘ ሐምራዊ ሆኖ ይቀራል፤ ባጠቡት ቁጥር ይስፋፋል። የአቶ ኢኖክ መዳፍ ንጹሕ ነው። ቬናብል ያለ ጓንት እየበላ ነው፣ እጁም ንጹሕ ነው። እርስዎ ግን፣ ሴናተር፣ እሳት ዳር ቁጭ ብለው ጓንትዎን አላወለቁም።»

ኮርዊዝ ፈገግ ብሎ ጓንቱን አወለቀ። መዳፉ ሐምራዊ ነበር።

«አልሰጥም ሲለኝ ገፋሁት፤ ልገድለው አላሰብኩም። ደግሞስ፣ ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ሴኔቱ ነገ ሹመቶችዎን ሲወስን በአንድ ድምፅ ልዩነት ነው የሚያዘነብለው። እኔ ከታሰርኩ ሁሉም ገደል ገቡ። ለዚህ ሽማግሌ ብለው?»

ፕሬዚዳንቱ ኢኖክን አየ፤ ወዲያው ዓይኑን ወደ መስኮቱ አሸሸ።

«እስከ ነገ ማታ... ባለበት ቢቆይስ?»

ኢኖክ ለዚህ ሰው በየማለዳው በር ሲከፍት ኖሯል። ነገ ማታ ማለት መቼም የማይመጣ ቀን እንደሆነ ገብቶታል፤ አንዴ ዝም የተባለ ነገር ዝም እንደተባለ ነው የሚቀረው።

«ያለኝ ካቴና አንድ ነው» አለ ሉሚስ። «በማን እጅ ይሁን? እርስዎ ይንገሩኝ።»

ፕሬዚዳንቱ በመጨረሻ ዞሮ ካቴና የገባባቸውን የኢኖክን እጆች ተመለከተ።

«ፍታው» አለ። «ሊዝበን ባዶዋን ትቅር።»

ካቴናው ኮርዊዝ እጅ ላይ ቀጭ አለ። ሉሚስ የበሩን ቁልፍ ለኢኖክ ሰጠው። ኢኖክ የእጁን አንጓ እያሻሸ ወደ በሩ ሄደ፤ እንደ ወትሮውም ለሴናተሩ ከፈተለት።