አባዬ በእጁ የሚያውቀው ቤት

ማመን አለማመን የናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ... አልጨምርም፣ አልቀንስም።

ደግሞ በጨለማ የሆነ እንዳይመስላችሁ። ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ቦታው አቃቂ፣ እኔና ወንድሜ ዘአማኑኤል ተወልደን ያደግንበት ግቢ።

ቤቱን ልንሸጠው እያዘጋጀነው ነበር።

አባዬ ግን አያውቅም።

አባዬ ካሳሁን ይባላል። የባቡር ጡረተኛ ነው። ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል። እናታችን ካረፈች ወዲህ እዚያ ቤት ብቻውን ነበር የሚኖረው። ቀኝ እጁን ግድግዳው ላይ አድርጎ ከመኝታ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን በረንዳ ይሄዳል። እጁ የሚያልፍበት ቦታ ወዝ ጠግቦ ጥቁር መስመር ሠርቶ ነበር።

የቤቱን ውክልና የሰጠን አምኖን ነው። እኛ ደግሞ ኮዬ ፈጬ፣ ዘአማኑኤል የሚኖርበት ኮንዶሚኒየም ወሰድነው።

"ቤቱ ቀለም ሊቀባ ነው አባዬ፤ ሽታው እንዳይጎዳህ ብለን ነው" አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። በዚህ አፌ።

"ስትጨርሱ ትመልሱኛላችሁ አይደል?"

"እንዴ! ታዲያስ!"

እጄን ጨበጥ አደረገው። ያኔ ፊቴን ማየት ባለመቻሉ ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ... ደስ አለኝ።

ያን ቅዳሜ መጀመሪያ ያጠፋሁት ያንን ጥቁር መስመር ነው። ነጭ ቀለም ደራርቤ ቀባሁበት። ከዚያ እጄን ልታጠብ ወጣሁ።

ስመለስ...

እርጥቡ ቀለም ላይ የጣት ፈለግ አለ። አራት ጣት። ከመኝታ ቤቱ ጀምሮ እስከ ሳሎን ተስቧል።

"ዘዬ! ግድግዳውን ነክተኸዋል እንዴ?"

"እኔ? ጣራ ላይ ነኝ እኮ!" አለኝ ዘአማኑኤል። እውነቱን ነው። ቆርቆሮ ሲመታ ይሰማኛል።

ድመት ይሆናል አልኩ። ድመት ደግሞ በወገቤ ልክ አይሄድም... ግን አልኩ። መልሼ ቀባሁት።

ውሃ ጠጥቼ ስመጣ መስመሩ ተመልሷል። አሁን በረንዳው በር ድረስ ደርሷል። በሩ ጋ ሲደርስ መዳፍ አለ። አንድ ሙሉ መዳፍ... ቆም ብሎ ትንፋሽ የሰበሰበ ሰው የሚደገፈው ዓይነት።

የወንድሜ ሚስት አቻምየለሽ ጋ ደወልኩ።

"አባዬ የት ነው?"

"ሶፋው ላይ ተኝቷል፣ ቀስ በይ" አለችኝ በሹክሹክታ። "ምነው ድምፅሽ?"

"ምንም" ብዬ ዘጋሁት።

ወዲያው ገዢዎቹ መጡ። ሳሪስ ሱቅ ያላቸው ባልና ሚስት ናቸው፤ ሙህዲንና ሐጀራ። ሙህዲን ከወንድሜ ጋር ግቢውን መዞር ጀመረ። ሐጀራ ብቻዋን ወደ ውስጥ ገባች። እኔ በረንዳው ላይ ቀረሁ። መግባት አቃተኝ።

ቆይታ ወጣች። ፈገግ ብላለች።

"ማሻአላህ፣ ቤቱ ጥሩ ነው። ግን አባታችሁን ምነው ብቻቸውን ተዋችኋቸው?"

"የ... የቱን አባታችንን?"

"መኝታ ቤት ያሉትን ነዋ። ግድግዳውን እየዳሰሱ ቤቱን አስጎበኙኝ እኮ።" ጠጋ አለችኝና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "'ስትጨርሱ ትመልሱኛላችሁ አይደል?' አሉኝ። ምን ማለታቸው ነው?"

ዘአማኑኤል ሰምቷል።

ተያይዘን ገባን። መኝታ ቤቱ ባዶ ነው። አልጋው እንኳን ከወጣ ቆይቷል።

የጣቱ መስመር ግን አራቱንም ግድግዳ ዞሯል። አንዴ አይደለም... ደጋግሞ። በተከፈተው በር ሳንቃ ላይ ሳይቀር አልፏል። ሰውዬው መውጫውን ፈልጎ አጥቷል።

"አልሸጥም ዘዬ" አልኩ።

"አበድሽ? ሰዎቹ ይሰሙሻል..."

"አልሸጥም! ሄጄ እነግረዋለሁ።"

ሰዎቹን እንኳን አልተሰናበትኩም። ታክሲ ይዤ ኮዬ ፈጬ ደረስኩ። ደረጃውን እያለከለክሁ ወጣሁ። አቻምየለሽ ለገበያ ወርዳ ኖሮ በሩን የከፈተልኝ ራሱ አባዬ ነው።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ አባዬ፣ እምነት።"

እጁን ዘርግቶ ፊቴን ዳሰሰኝ... ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ አገጬን። እንደገና ከግንባሬ ጀመረ።

"አባዬ፣ ልነግርህ የመጣሁት ነገር አለ። ቤቱን..."

"ነገርሽኝ እኮ" አለ።

"እ?"

"ቅድም መጣሽ። እግሬ ላይ ወድቀሽ አለቀስሽ። 'ዋሸሁህ አባዬ' አልሽ። እኔም ይቅር አልኩሽ፣ መረቅኩሽ።" አንገቱን ወደ ውስጥ አዞረ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ደክሞኛል ብለሽ ገብተሽ ተኛሽ። ታዲያ... እዚያ ያለችው ማናት?"

የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። አልጋው ጫፍ ላይ የሴት እግር ይታያል። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጠባሳ አለ... በልጅነቴ ብስክሌት የቆረጠኝ ቦታ ላይ።

አልጋው ሲጢጥ አለ።

"አባዬ... ማነው የመጣው?" አለች። በእኔ ድምፅ።

እጁን አጥብቄ ያዝኩት።

አባዬ ቀስ ብሎ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቀና... ይቅር ወዳላት፣ ወደ እሷ ሄደ።