ጥሩሐረግ የደበቀችው ሒሳብ

ጥሩሐረግ የምትባል የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። አገሯ ጋዝጊብላ ነው፤ ስድስተኛ ክፍልን ግን የምትማረው ሰቆጣ ከተማ፣ ጠባብ ቤት ተከራይታ ነበር። አባቷ በገበያ ቀን በሶ ያመጡላትና ገበያው ሲበተን ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ ብቻዋን ናት።

ልጆች፣ ብቻችሁን በሶ ጨብጣችሁ በልታችሁ ታውቃላችሁ? «እንብላ» የሚሉት ሰው የለም። ግድግዳው አይመልስ!

ክፍል ውስጥ ስትናገር አገውኛዋ ያሳብቅባታል፤ ልጆቹ ይስቁባታል። በሒሳብ ግን የሚደርስባት አልነበረም። ስለዚህ የቄስ ገብረ ሊባኖስ ልጅ ወለተ ገብርኤል፣ ከትምህርት ሲወጡ ሒሳብ ለመጠየቅ ትመጣ ጀመር። ሒሳቡ ሲያልቅ በሶውን አብረው ይበላሉ። ለጥሩሐረግ ከቀኑ ሁሉ ደስ የሚላት ይህ ሰዓት ነበር።

አንድ ቀን ወለተ ገብርኤል፣ «ለነገው ፈተና ይቺን ብቻ አስረጂኝ፤ ከዚህ ወዲያ አላስቸግርሽም» አለቻት። ደብተሯ ላይ ቁጥር ሁለት ተጽፎ፣ ከራሱ በላይ በስተቀኝ ትንሽ አምስት ተቀምጣለች።

ጥሩሐረግ ደነገጠች። አላስቸግርሽም ማለት እኮ አልመጣም ማለት ነው! እውነቱን አሳምራ ታውቀዋለች። ታችኛው ቁጥር መሠረት ነው። ትንሿ ቁጥር፣ መሠረቱ ስንት ጊዜ ተጽፎ እርስ በርሱ እንደሚባዛ ትናገራለች። ሁለት አምስት ጊዜ ተጽፎ ሲባዛ ዋጋው ሠላሳ ሁለት ነው። አፏ ግን ሌላ ተናገረ።

«ሁለትን በአምስት አባዢው። አሥር ነው።»

«ይኸው ነው እንዴ? እኔ ደግሞ ከባድ መስሎኝ!»

ፈተናውን ስትስት ተመልሳ ትመጣለች ብላ ነው የዋሸቻት። ሞኝ ናት አትበሉ፤ ብቸኝነት ከብዷት ነው።

ፈተናው በሙሉ ከዚሁ ሒሳብ ነበርና ወለተ ገብርኤል ወደቀች። ግን አልመጣችም። በማግስቱም ቦታዋ ባዶ ሆነ። «ካልገባት ቤት ትቀመጥ ብለዋል አባቷ» አሉ ልጆቹ። ያን ቀን ጥሩሐረግ በሶውን ሳትነካው አደረች።

ሲነጋ ወደ ቄሱ ቤት ሄደች። ቄሱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ወለተ ገብርኤል አጠገባቸው ምስር ትለቅማለች።

«መምሬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች ጥሩሐረግ። «አውቄ አሳሳትኋት።»

«ለምን ልጄ?»

«ካወቀች አትመጣም ብዬ። ብቻዬን ነኝ፣ መምሬ።»

 ቄሱም፣ «ነገ ትምህርቷን ትቀጥላለች። ይቅርታውን ግን ከእሷ ጠይቂ» አሏት።

ጥሩሐረግ የጓደኛዋ እግር ላይ ወደቀች። ወለተ ገብርኤል ቀና ብላም አላየቻት።

«እኔ እኮ ጓደኛዬ ነሽ ብዬ ነበር» አለች ብቻ።

ጥሩሐረግ እያለቀሰች ትክክለኛውን በጣቷ መሬት ላይ ጽፋ አስረዳቻትና ሄደች።

ልጆች፣ ይቅርታ አንዳንዴ ይዘገያል። ወለተ ገብርኤል ክፍል ውስጥ ራቅ ብላ ትቀመጥ ጀመር። ጥሩሐረግም ብዙ ቀን ብቻዋን በላች፤ ጥፋቷ ነውና አላማረረችም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በሯ ተንኳኳ። ወለተ ገብርኤል ናት። ደብተር አልያዘችም።

«የትኛው ሒሳብ አስቸገረሽ?» አለቻት ጥሩሐረግ።

«ሒሳቡማ ገብቶኛል» አለችና ገብታ ተቀመጠች።

ልጆቼ፣ ጓደኛችሁ እንዳይለያችሁ ብላችሁ እውነትን አትደብቁት።