ለነቀዝ የተገዛ መርዝ

እጅጉ ቡሬ ውስጥ በአንድ የእህል መጋዘን የደኅንነት ኃላፊ ነው። የነቀዝ መድኃኒት ወደተጨመረበት ክፍል ያለ ጭምብል ብቅ ያለ ተሸካሚ ካየ፣ ሽማግሌ ነው ዘመድ ነው ሳይል ይጮህበታል። ቤቱ ሲገባ ግን ያ ሁሉ ጥንቃቄ የት እንደሚሄድ እንጃ። መቼም የብዙዎቻችን አመል ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ከመጋዘኑ በኪሱ ያመጣውን የነቀዝ ክኒን በወረቀት ጠቅልሎ፣ ጓዳ በተደረደሩት በቆሎ የተሞሉ ማዳበሪያዎች ውስጥ ከተተ። ባለቤቱ ወይኒቱ አራስ ናት፤ የአሥራ ሁለት ቀን ልጇን ታቅፋ እዚያው ጓዳ ተኝታለች።

"አንተ፣ ይኼ ነገር ለሕፃኑ አይከፋም?" አለችው።

"ይቺ ጥቂት ፍሬ ምን ታደርጋለች? እኔ በካርቶን ሙሉ ስሠራበት እውል የለም እንዴ!" ብሏት ወጣ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ለአዲስ ሠራተኞች ስለ ነቀዝ መድኃኒቱ ገለጻ ሲሰጥ በለጠች የምትባል ወጣት እጇን አወጣች።

"ጋሼ፣ ሽታው ካልተሰማን ደኅና ነን ማለት ነው?"

"አይደለም! ጋዙ የሚወጣው ቀስ እያለ ነው። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ተኝቶ ከሆነ..."

የራሱ ጓዳ ትዝ አለው። ስልኩን አውጥቶ ወይኒቱ ጋ ደወለ፤ አልተነሳም። ደገመ፤ አልተነሳም። ሮጦ ባጃጅ ውስጥ ገባ።

"ንዳው ወንድሜ፣ በእመቤቴ ንዳው!"

ኮረኮንቹ አላልቅ አለው። "ክርስትና እንኳ ሳይነሳ" እያለ ብቻውን ያወራል።

ሲደርስ ጎረቤታቸው እትዬ እህተ ማርያም ከደጅ ተቀበሉት።

"ራሷን አሟት ሲያስመልሳት ነው የዋለ። ብርድ ነው ብዬ መስኮቱን ጨርቅ ወትፌበት መውጣቴ ነው። አንተ ልጅ፣ በሩን አትበርግደው፣ አራስ ናት!"

"ብርድ አይደለም እትዬ! እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኋት!"

ሕፃኑን አቅፎ፣ ወይኒቱን ደግፎ አወጣቸው። የልጁ ከንፈር ገርጥቷል፤ አያለቅስም። በዚያው ባጃጅ ሆስፒታል ደረሱ። የነቀዝ ክኒን መሆኑን ሲነግራት ነርሷ ሲሳይነሽ ኦክስጅን እየሰካች ተቆጣች።

"ይህን መርዝ ሰው የሚተኛበት ቤት ያስገባው ማነው? ምን ያህል ባያውቅ ነው!"

"አውቃለሁ፤ ሌላውን የማስተምረው እኔ ነኝ" አላት አንገቱን ደፍቶ።

ወደ ማምሻው ልጁ አለቀሰ። እጅጉም አብሮት አለቀሰ።

እናትና ልጅ አገግመው፣ መርዙ ወጥቶ ወደተናፈሰው ቤታቸው በገቡ ማግስት ሠራተኞቹን ሁሉ ሰበሰበና ያደረገውን አንድም ሳይደብቅ ነገራቸው።

"ይህ መርዝ ሥራ ቦታና ልጅ የሚተኛበት ቦታ ብሎ አይለይም" አለ። "ለራሳችን እዚህ የምንጠነቀቀውን ያህል ቤት ላሉት ካልተጠነቀቅን፣ የምንገድለው የምንለፋላቸውን ነው። ከዚህ ወደ ቤቱ የወሰደ ካለ አልቀጣውም። ብቻ ቤተሰቡን አሁኑኑ..."

ሳይጨርስ ከተሸካሚዎቹ ሦስቱ ተነሥተው፣ ወደየቤታቸው ስልክ እየደወሉ ወደ ደጅ ሮጡ።