የታችኛው መደርደሪያ

ያልመረመሩትን ነገር በመሥሪያ ቤታቸው ስም ማመስገን ቀላል የሚመስላቸው ሹማምንት አሉ። ስም ግን ከሰጪው እጅ አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ የሚያምነው ሰው ሁሉ ይደገፈዋል፤ ተደግፎትም ይወድቃል። ይህ ታሪክ የሚያስረዳው ይህንኑ ነው፤ አንባቢም ከዚህ የተሻለ መጽናኛ እንዳይጠብቅ ከወዲሁ ይወቅ።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ መርማሪዋ ወደ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ተጠራች። ባልደረቦቿ «ለምን» የሚል ቅጽል ያወጡላት ከዚህች ቃል የተለየ ጥያቄ ስለማታበዛ ነበር። ምድር ቤት ባለው መዝገብ ቤት፣ ከወደቀ መሰላል አጠገብ፣ አምሳ ዓመት ያለፋት ሴት በጀርባዋ ተዘርግታ አገኘች። በእጇ ሥር አንድ ፋይል ነበር።

ሟቿን መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «ወንፊት» ይላታል። የውጭ ሰዎች «ይህን መጽሐፋችንን፣ ይህን ሥልጠናችንን፣ ይህን የስልክ መስመራችንን ለድርጅቶቹ አስተዋውቁልን» ብለው ሲጠይቁ ጥያቄውን ተቀብላ የምታበጥረው እርሷ ነበረች። ደንቡ አጭር ነው፦ በነጻ የሚሰጥ፣ ሸቀጥ የማይሸጥበት፣ የተፈተሸም ካልሆነ በቀር መሥሪያ ቤቱ ለማንም ስሙን አያውስም። ፈታሿም ራሷ ነበረች። የስልክ መስመር ከሆነ ትደውላለች፤ የምግብ አሠራር ከሆነ ቤቷ ወስዳ ታበስለዋለች።

«ከመሰላል ወድቃ ነው» አሉ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ፣ ጡረታ ለመውጣት ሦስት ወር የቀራቸው ሽማግሌ። «ምሳ በልቼ ስመለስ እንዲህ ሆና ጠበቀችኝ። እኔን ትቀብረኛለች ስል፣ ቀደመችኝ።»

«አባባ፣ ለምን መሰላል ላይ ወጣች?»

«መልስ ያገኘ ፋይል ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነዋ የሚሰቀለው። መልስ ያላገኘው እዚህ ታች፣ ከወንበሯ ሥር ነው። ‹ታች ያለው ሲያየኝ ይውላል› ትል ነበር።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የሟቿን ራስ፣ ቀና ብላም የመደርደሪያውን የብረት ጠርዝ አየች። ጠርዙ ላይ ያለው ደም በቆመች ሴት ራስ ቁመት ልክ ነበር። ከዚያም ፋይሉን ከፈተችው። ላዩ ላይ የዕለቱ ቀን የተጻፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት የፈቃድ ደብዳቤ አለ። ከሥሩ ደግሞ ሰማያዊ ሽፋን ያለው መጽሐፍ፦ የመጠለያዎች የንጽሕና መመሪያ።

«ሌላ የተፈቀደ ፋይል ያሳዩኝ።»

ሽማግሌው አወረዱላት። አንዲት ደብዳቤ ብቻ ነበረበት። የተከለከለ ፋይል ስትጠይቅ ደብዳቤና መጽሐፍ አብረው ወጡ።

«ለምን?»

«የፈቀደችውን መጽሐፍ ለባለቤቱ ትመልሳለች፤ የከለከለችውን ታስቀረዋለች። ሽፋን ቀይረው ሲመጡ በምን ታመሳክር? ይህን የምናውቀው እኔና ለድርጅቶቹ የሚላከውን ወርኃዊ መልእክት የሚያዘጋጀው ሰው ነን። ላይ ያሉት ጌቶች እዚህ ወርደውም አያውቁ፤ አቧራው ኮታቸውን ይነካባቸዋል።»

«ሰሞኑን ታማ ነበር?»

ሽማግሌው ዐይናቸውን ጠረጉ። «ከትናንት ጀምሮ ስትስል ነበር። ‹ባልዲው ሊገድለኝ ነበር፣ አባባ› ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ።»

የመምሪያ ኃላፊው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ምንም ወረቀት በሌለበት ሰፊ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጦ ጠበቃት። በመጪው ወር ምክትል ዳይሬክተር ሆኖ እንደሚሾም ዘበኛው ሳይቀር ያውቃል።

«ያሳዝናል። ታታሪ ሴት ነበረች።»

«ስለ ንጽሕናው መመሪያ ያነሣችው ቅሬታ ነበር?»

«በፍጹም! ለአንዲት ገጽ ስትል የአንድ አረጋዊ ሐኪም ልፋት ገደል የምትከት ሴት አልነበረችም። ፈቅዳለች፤ ማኅተሙን አይተውት የለ?»

«ሐኪሙን ያውቋቸዋል?»

«አስተማሪዬ ናቸው። ግን ከተያየን ወር አልፎናል፤ ሥራ መቼ ፋታ ይሰጣል።»

የወርኃዊው መልእክት አዘጋጅ ጥፍሩን የሚበላ ቀጭን ሰው ነበር። ጠረጴዛው ላይ የታተመው መልእክት ከመመሪያው ቅጂ ጋር ተቆልሏል፦ «መሥሪያ ቤታችን ይህን መመሪያ ለማሳደጊያዎችና ለአረጋውያን መጠለያዎች ሁሉ ይመክራል።»

«እኔ የተላከልኝን ነው የማትመው፣ እትዬ። እጅ ነኝ እንጂ ራስ አይደለሁም።»

«ራስ ከሌለህ ግንባርህን ለምን አላበው?»

መርማሪዋ ከመልእክቱ አንዱን አንሥታ በግርጌው ያለውን የኅትመት ቀን አነበበች፤ አጥፋም ኪሷ ከተተችው።

«ስንት ቦታ ተልኳል?»

«ሁለት መቶ አሥር።»

«ለምን አሁኑኑ አታስቆመውም?»

«ያለ ኃላፊው ትእዛዝ? ነገ እኔን ነው የሚያስቆሙኝ።»

ዓርብ ጠዋት አረጋዊው ሐኪም በምርኩዝ እየተደገፉ ወደ መርማሪዋ ቢሮ መጡ፤ ሳይቀመጡም «የገደልኋት እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉ።

«ለምን እንዲህ ይላሉ?»

«ገጽ አሥራ አራት። ፈጽሞ መገናኘት የማይገባቸውን ሁለት ማጽጃዎች ባንድ ባልዲ ቀላቅሉ ብዬ ጽፌያለሁ። በተዘጋ ክፍል ሳንባ የሚያቃጥል ጭስ ይወጣቸዋል። አርባ ዓመት ያከምሁ ሰው ነኝ፤ ስገለብጥ ዐይኔ ደከመና አንዱን በሌላው ቦታ አስገባሁት። እርሷ ግን ቤቷ ቀላቅላ ሞከረችው። ረቡዕ ማታ እየሳለች ደወለችልኝ። ‹አባቴ፣ ይህ ነገር ሰው ይፈጃል› አለችኝ። ‹ከልክይው፣ ልጄ› አልኋት። ሐሙስ በጠዋትም ‹መመሪያዬን ስቤአለሁ› ብዬ ጽፌ፣ በእጄ አደረስሁት።»

«ለማን?»

ሐኪሙ ከካፖርታቸው ኪስ የደብዳቤ ማስረከቢያ ደብተር አውጥተው ገለጡላት። አንዲት መስመር አነበበች፤ ዘጋችውም።

ከቀትር በፊት አራቱን ሰዎች መዝገብ ቤት ሰበሰበቻቸው። ኃላፊው ሰዓቱን ያያል፤ አዘጋጁ ጥፍሩን ይበላል፤ ሐኪሙ በሟቿ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ በሩ ጋ ቆመዋል።

«ሟቿ አልወደቀችም፤ ተገፍታለች» አለች። «ከመሰላል የወደቀ ሰው በቆመበት ቁመት ጠርዝ ላይ ደሙን አይተውም። መሰላሉን ያጋደመው፣ ፋይሉንም እጇ ሥር ያኖረው ገፊዋ ነው። ለምን? ፈቅዳ፣ ፋይሉን ልትሰቅል ስትወጣ የወደቀች እንዲመስል። ነገር ግን ከፈቃዱ ደብዳቤ ጋር መጽሐፉንም ጨመረው። የተፈቀደ መጽሐፍ ለባለቤቱ እንደሚመለስ አያውቅም ነበር። አባባና አዘጋጁ ያውቃሉ፤ ስለዚህ እነርሱ አይደሉም።»

«እንግዲያስ ሐኪሙ ናቸዋ!» አለ ኃላፊው። «ፈቃዱ የሚጠቅመው እርሳቸውን አይደለም?»

«ይጠቅማቸው ነበር፤ መመሪያውን ባይስቡት ኖሮ።» የማስረከቢያ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ሐሙስ ጠዋት የመሳቢያ ደብዳቤያቸውን የተቀበለ ሰው እዚህ ፈርሟል። ፊርማው የእርስዎ ነው። ‹ከተያየን ወር አልፎናል› ብለውኝ ነበር። ‹አንዲት ገጽ› ያሉኝም እርስዎ ነዎት፤ ስለ ገጽ ግን ያነሣሁት ነገር አልነበረም። አንተስ፣ መልእክቱን ማክሰኞ ለምን አተምህ? ፈቃዱ የተጻፈው ሐሙስ ነው።»

አዘጋጁ ከጥፍሩ ቀና አለ። «‹አንተ አትም፤ እሷ ኋላ ትፈቅዳለች› አሉኝ። ለአስተማሪያቸው ቃል ገብተው ነበር።»

ኃላፊው ደብተሩን ወደ ጎን ገፋው። «ማኅተሟን ብቻ ነበር የለመንኋት» አለ በመጨረሻ። «‹ሁለት መቶ አሥሩም ጋ ራሴ እደውላለሁ፤ ሳይፈተሽ እንደታተመም እናገራለሁ› አለችኝ። ሹመቴ ሊቀር! ገፋኋት። ከዚያ ላይ ወጥቼ ደብዳቤውን ጻፍሁ፤ ማኅተሟን መትቼበትም ተመልሼ እጇ ሥር አኖርሁት።»

«የአስከሬን ምርመራው ከተገፋች በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል በሕይወት ነበረች ይላል» አለች መርማሪዋ። «ደብዳቤውን ሲጽፉ ትተነፍስ ነበር።»

ሐኪሙ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ተማሪያቸው ወደ እርሳቸው አላየም።

መርማሪዋ በዚያው ቀን ለሁለት መቶ አሥሩም ማረሚያ እንዲላክ ለተተኪው ኃላፊ ጥያቄ በእጇ ጽፋ ሰጠች። ተተኪው ጨዋ ሰው ነበር፤ ወንበርም ሰጣት። «እመቤቴ፣ ደንባችን ስለ ውጭ ሰዎች ሥራ አስተያየት እንድንሰጥ አይፈቅድም። ጥያቄዎ እንደ ሌላው ሁሉ ተራውን ይጠብቃል።»

«ምክሩን ስትሰጡ ያልተጠበቀው ተራ፣ ለምን ለማረሚያው ተገኘ?»

«ደንብ ነው» አላት።

ሐኪሙ በየመጠለያው መደወል ጀመሩ። አብዛኞቹ «ተቆጣጣሪው ነው የላከልን፤ እርስዎ ማን ነዎት?» እያሉ ዘጉባቸው። ሰኞ ረፋድ ላይ በአንድ የአረጋውያን መጠለያ፣ በሩ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ የሦስት ልጆች እናት የሆነች ጽዳት ሠራተኛ ባልዲዋን እንዳቀፈች ሞታ ተገኘች። መመሪያው፣ ገጽ አሥራ አራት ላይ እንደተገለጠ፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር። የመርማሪዋ ጥያቄ በዚያ ጊዜ ከባዶው ወንበር ሥር፣ በታችኛው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ዓመቱ ሲያልቅም እዚያው ነበር።

የመምሪያ ኃላፊው በነፍስ ግድያና ሐሰተኛ ሰነድ በማዘጋጀት ጥፋተኛ ተብሎ በአሥራ ስምንት ዓመት እስራት ተቀጣ።