የማክሰኞው ምክር

«ዕቃው?»

«ጋዜጣው ውስጥ።»

መርፌ ጋዜጣውን በሁለቱ ወንበሮች መሃል አስቀመጠችው። የሆስፒታሉ መጠበቂያ አዳራሽ በሰው ግጥም ብሏል፤ ልብ ብሎ ያያቸው አልነበረም። አለቃዋ፣ በሥራ ስሙ አጎት፣ ጋዜጣውን ብብቱ ስር ሸጎጠው። ውስጡ የክትባት ፋብሪካው የማቀዝቀዣ ክፍል የመግቢያ መዝገብ አለ።

ለስለላ መሥሪያ ቤቱ መርፌ ናት። ለፋብሪካው ደግሞ ከስምንት ወር በፊት የተቀጠረች ጀማሪ ተመራማሪ። የአዲሱ ክትባት ዘር ሕዋስ፣ ክትባቱ የሚመረትበት፣ በብልቃጥ በብልቃጥ እየተሰረቀ ይሸጣል። የተጠረጠረችው የላቦራቶሪው ኃላፊ ናት፤ ዶክተሯ።

«አምስቱም ስርቆት በእሷ የመግቢያ ካርድ ነው» አለ አጎት። «ከነገ ወዲያ ትያዛለች። ሥራሽ አለቀ፣ ልጄ።»

መርፌ ግን አላመነችም።

ዶክተሯ በየማክሰኞው፣ ከስምንት እስከ አስር ሰዓት፣ በሯን ዘግታ ትመክራት ነበር። «ሙከራ ቱቦ ታቅፈሽ ልታረጂ ነው? አንድ ዓመት ጥራት ቁጥጥር ሥሪ፣ አንድ ዓመት ምርት ክፍል፣ ከዚያ ዶክትሬትሽን ያዢ። እኔ መንገድ የሚያሳየኝ አጥቼ አሥር ዓመት ዳክሬያለሁ። አንቺ አትዳክሪም!»

መርፌ ለሽፋን የገባችበትን ሥራ ሳታስበው ወደደችው።

አውቶቡስ ውስጥ፣ ከደንብ ውጭ ያስቀረችውን የመዝገቡን ቅጂ ስልኳ ላይ ከፈተች። ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት። ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ከሩብ።

አምስቱም ማክሰኞ።

አምስቱንም ጊዜ ዶክተሯ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ነበር።

መርፌ ክው አለች። የዶክተሯን ካርድ በመጀመሪያው ወር የቀዳችው ራሷ ናት። ቅጂውን የሰጠችው ለአጎት ብቻ። የማክሰኞውን ቀጠሮ የሚያውቀውም እሱ ብቻ። ለዶክተሯ ከአንዲት ሰላይ በቀር ምስክር የላትም፤ ሰላይ ደግሞ ሽፋኗን ገልጣ አትመሰክርም።

አጎት የመጨረሻዋን ብልቃጥ ሳይወስድ ዶክተሯን እንደማያሳስራት፣ ነገም ማክሰኞ እንደሆነ ገባት። ለመሥሪያ ቤቱ ቁጥጥር ክፍል ደወለች። ካርዱን መቅዳቷን ጭምር ተናገረች።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከዶክተሯ ፊት ብድግ አለች።

«ወዴት ነው?»

«አሁን እመጣለሁ።»

አጎት የጥገና ቱታ ለብሶ ማቀዝቀዣው ላይ አጎንብሷል። ብልቃጧ እጁ ላይ ናት።

«ተመለሺ፣ ልጄ።»

«አስቀምጣት።»

«ከተናገርሽ አንቺም አብረሽኝ ነሽ። ካርዱን የቀዳው ማን ሆነና?»

«እኔ። ነግሬያቸዋለሁ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

በሩ ተበረገደ። ሁለት የቁጥጥር ክፍል ሰዎች ክንዱን ጠመዘዙት፤ ከኪሱ ያወጣው ሽጉጥ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከእጁ ያመለጠችውን ብልቃጥ መርፌ ሳትሰበር ያዘቻት።

ቀና ስትል ዶክተሯ ተከትላት መጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«ካርዴን... አንቺ?»

«አዎ።»

«ሥራውን የምትወጂው መስሎኝ ነበር።»

«እወደዋለሁ።»

«ስምሽስ? እውነተኛው ስምሽ?»

ለመናገር አልተፈቀደላትም። ዶክተሯ ብልቃጧን ከእጇ ተቀብላ፣ እንደ እንግዳ ሰው «አመሰግናለሁ» አለቻትና ፊቷን አዞረች።

ከወር በኋላ፣ በሌላ ከተማ፣ መሥሪያ ቤቱ የሰጣትን ሌላ ስም ይዛ መርፌ አንድ የመነጽር መደብር ገባች። ሻጭ ይፈለጋል ይላል ማስታወቂያው።

«ትምህርት?» አለ ባለመደብሩ።

«ብዙም አልገፋሁም።»

«ስለ ሥራሽ የሚመሰክርልሽ፣ ስልኩን የምትሰጪኝ ሰው አለ?»

የዶክተሯን ስልክ በቃሏ ታውቀዋለች።

«የለም» አለች።